አባቴና ሚስተር ቦርካር የተከራከሩባቸው ቅዳሜዎች

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፤ ሰው አልሞተበትም፤ ስሙ የሚጠራ ትልቅ ሰውም አላለፈበትም። ሁለት ሕንዳውያን መምህራን፣ አንድ የቅኔ መምህርና በመካከላቸው ቃል የምታመላልስ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በአራት ቅዳሜ የተነጋገሩት ነው። ተማሪዋ እኔ ነኝ። ዛሬ ከመምህርነት በጡረታ ወጥቼ፣ እዚሁ ላሊበላ በተከፈተ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት የፍልስፍና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። የክፍል ጓደኞቼ በዕድሜ የልጄ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ስሳሳት እንዳያፍሩብኝ፣ የማውቀውን ብቻ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ወረቀት ነው። ባለፈው ወር መምህራችን ከፎቶ ኮፒ ማሽን ትኩሱን የወጣ ጽሑፍ አደሉን። ጽሑፉ በጥንት ሕንድ የቡድሃ ተከታዮች የተቀናቃኞቻቸውን ትምህርት እንዴት ይተቹ እንደነበር የሚያስረዳ ነው። ወረቀቱን ሳላነበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። «ሽታ እየፈለግሁ ነው ልጄ» አልኋት። ሳቀች። እውነቴን ግን ነበር። በእኛ ጊዜ የትምህርት ቤት ወረቀት የሚባዛው በእጅ በሚሽከረከር መሣሪያ ነበር፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ሽታው ለመርፌ ክንድ ሲጠረግ እንደሚሸተው ያለ ቀዝቃዛና ስለታም ሽታ ነበረው። ፈተና ሲታደል ከጥያቄው በፊት ሁላችንም ወረቀቱን እናሸት ነበር። ያ ሽታ በአዲሱ ወረቀት ላይ አልነበረም። ባለመኖሩ ግን ሕንዳዊውን መምህሬን ሚስተር ቦርካርን ከነሸሚዛቸው አመጣልኝ።

ሸሚዛቸው ቴትሮን ከሚባለው የማይጨማደድ ጨርቅ ነበር፤ ነጭ፣ ታጥቦ ታጥቦ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ያኔ በከተማችን ቴትሮን የለበሰ ሰው ከሩቅ ይታወቃል፤ ከንፋሱ ጋር አይንቀሳቀስማ። እኛ ልጃገረዶቹ ኮንጎ ጫማ በሹራብ ካልሲ እናደርጋለን፤ ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ከታች አስፍተው አቧራውን ይጠርጉበታል። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ በወተት ከሆነ አሥር። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ሃያ አምስት ሳንቲም። ከገበያው በላይ፣ መንገዱ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ ሬዲዮኑን የጥልፍ ሻሽ አልብሶ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። ክራር በተሰማ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ወሬ ሲጀምር ዝቅ። በዚያ ዘመን ምን ይወራ እንደነበር ዛሬ በቅጡ አላስታውስም። ዜማው ግን አሁንም ያንን ጥግ ስታጠፍ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ ሻይ ቤቷ ፈርሳ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ከቆመባት በኋላም።

ሕንዶቹ ከትምህርት በኋላ የሚቀመጡት እዚያ ነበር። ሚስተር ቦርካር እንግሊዝኛ ያስተምሩናል፤ ቀጭንና ዝግተኛ ናቸው፤ የቡድሃ ተከታይ ነበሩ። ሂሳብ የሚያስተምሩን ሚስተር ሻስትሪ ደግሞ ወፍራምና ሳቂታ፣ በደረቅ ቀንም ጃንጥላ የማይለያቸው፣ የጥንት የሕንድ ሊቃውንት ዘር ነኝ የሚሉ ሰው ነበሩ። ሚስተር ቦርካር አንድ ቀን እንደነገሩን፣ በአያታቸው መንደር የእሳቸው ወገኖች ከጋራ ጉድጓድ ውኃ መቅዳት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ነፍሳቸው ዝቅ ብላ ተወልዳለች ይባል ነበርና። «እንግዲህ ስለ ነፍስ የሚነግሩኝን ሁሉ ደግሜ የምጠይቀው ለዚህ ነው» አሉን። ሚስተር ሻስትሪ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን ያቆሙ ነበር። በሻይ ቤቱ የሚስተር ቦርካርን ብርጭቆ የሚሞሉት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው አያስነኩም።

ክርክራቸው ግን አያልቅም። አንዱን ቅዳሜ ቅቤ በቅል ይዘው ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ሚስተር ሻስትሪ ከጥንቶቹ የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች የአንዱን ወገን ይዘው፣ «የሚወጣው ነገር ሁሉ በምንጩ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ቅቤው ወተቱ ውስጥ ነበር» ይላሉ። ሚስተር ቦርካር ወደ ሻጯ ዞረው በተሰባበረ፣ ከገበያ በማያልፍ አማርኛ፣ «እመቤት፣ ወተት ስንት?» አሉ።

«ሃያ ሳንቲም፣ ጣሳው።»

«ቅቤስ?»

«ሁለት ብር።»

«ያዙ» አሉ ሚስተር ቦርካር ለጓደኛቸው። «ቅቤው ውስጡ ካለ፣ ለወተቱ ሁለት ብር ይክፈሉ።»

ተረጎምሁላት፤ ሴትዮዋ ክርክሩ ባይገባትም፣ «ይክፈሉ እንጂ፣ ምን ከፋኝ!» ብላ ጣሳውን ዘረጋች። ከብዙ ዓመታት በኋላ መምህራችን ባደሉን ወረቀት ላይ የዚህን ክርክር ዘመድ ሳገኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሚስተር ቦርካር በክፍላችን የክርክር ሰዓት ጀመሩ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ከጥንት ተከራካሪዎች የተወረሰ ነው ይሉናል። የተቃዋሚህን ሐሳብ ሳትደግምለት መተቸት ነውር ነው። መጀመሪያ የእሱን ቃል እሱ ራሱ ከተናገረው ሳታሳንስ ትናገርለታለህ፤ «አዎ፣ ይህን ነው ያልሁት» ሲል ብቻ የራስህን ትጀምራለህ። ለእኛ ከባድ ነበር። እኛ መቸኮል፣ ማሳፈርና ማስጨብጨብ ነበር የምንወደው። አንድ ቀን «ጸንታ የምትኖር ነፍስ አለች ወይስ የለችም» በሚል ዕጣ ወጣ፤ ለእኔ «የለችም» ደረሰኝ። የተቃዋሚዬን ወገን አሳምሬ ተናገርሁ፤ ከዚያም መምህሬ ያስተማሩኝን ትችት አቀረብሁ። ተጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ገነተ ማርያም ደረሰ። የወሰደው ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎታል።

አባቴ በገነተ ማርያም መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። እኔን ከተማ አክስቴ ዘንድ ያስቀመጡኝ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ሴት ልጅ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ምን ትሆናለች» እያለ ሲያጉረመርም ነው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በዋለው ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት ያህል በበቅሎ ተጉዘው፣ ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤቱ አጥር ደረሱ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ሳይወርዱ። «ነፍስ የለችም ብለሽ ቆመሽ ተናገርሽ?»

«ለክርክር ነው አባቴ። ዕጣ ደርሶኝ።»

«ነፍስ በዕጣ ትካዳለች? በይ ጓዝሽን ጠቅልዪ።»

ሚስተር ቦርካር የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ድምፅ ሰምተው ወጡ። ምን እንደተባለ ነገርኋቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና፣ «እንዲህ በያቸው» አሉኝ። «ልጅዎ ናት፣ መውሰድ ይችላሉ። ግን በፊት የእርስዎን ሐሳብ ይንገሩኝ፤ መልሼ ልበልልዎ። ልክ ነው ሲሉኝ ብቻ እመልሳለሁ። መልሴ ካላረካዎ ይውሰዷት።»

አባቴ ከበቅሎዋ ወረዱ። «ይህ የማን ሕግ ነው?»

«የጥንት ተከራካሪዎቻቸው ነው ይላሉ።»

«መልካም ሕግ ነው። የኔ ደቀ መዛሙርት ቢያውቁት ጉሮሯቸው ይተርፍ ነበር።» ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «እንግዲያው ቃሌን ሳያዛባ እስኪመልስልኝ ድረስ አልወስድሽም። ንገሪው።»

የተናገሩትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ልጅ ሳለሁ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሸምግዬ የምናዘዘውም እኔው። የዋሸው ሌላ፣ የሚናዘዘው ሌላ ከሆነ፣ ይቅርታው ለማን ይደርሳል? ስለዚህ በሰው ውስጥ የማይለወጥ ባለቤት አለ። ነፍስ የምለው እሱን ነው።»

ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። ሚስተር ቦርካር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ከዚያ በራሳቸው አነጋገር ደገሙት። እንዲያውም አሳመሩት፤ ይቅርታ የተላከ መልእክት ነው፣ ተቀባዩ ቤቱን ከለቀቀ ለማን ይሰጣል አሉ። አንዲት ነገር አልጎደለችም። እኔም በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚሆን አየሁ። ይህን በትክክል ካደረስሁ አባቴ «አዎ» ይላሉ፤ መልስ ይሰጣል፤ አንድ የቡድሃ ተከታይ አንድ መሪጌታን በነፍስ ነገር ሊያረካ አይችልም፤ እኔም ከሰዓት በኋላ በበቅሎዋ ጀርባ ነኝ። ለአንድ ዲያቆን እንደታሰብሁ ከአክስቴ ሰምቻለሁ።

«ነፍስ» አልሁ፣ «በሥጋ ጎጆ የተቀመጠች ወፍ ናት፤ ሰው ሲሞት ትበርራለች ማለትዎ ነው፣ ይላሉ።»

«ወፍ!» አሉ አባቴ። «ስለ ንስሐ እየነገርሁት ወፍ ከየት አመጣ?»

ወደ ሚስተር ቦርካር ዞሬ «ገና አልተቀበሉትም» አልሁ። ሰውየው በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጠሩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ነፍስን በቅል ውስጥ ያለ ማር አደረግኋት። በሦስተኛው በግቢው የተቀመጠ ጌታ። ሚስተር ሻስትሪ በየሳምንቱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ ብርቱካን እየላጡ፣ «አባትሽ የኔ ትምህርት ቤት ሰው ናቸው! ትናንት ያየና ዛሬ የሚያስታውስ አንድ ሰው ነው፤ የእኛም አባቶች እንዲሁ ነው ያሉት» ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ለሚስተር ቦርካር እያዘኑ መጡ። በሦስተኛው ሳምንት የገብስ ቆሎ በአቁማዳ ይዘውላቸው መጡ። «ምስኪን፣ ደግ ሰው ነው» አሉኝ ስሸኛቸው። «ግን አይገባውም። እንዴት አድርጎ ነው የሚያስተምራችሁ?» እኔ የምቆጥረው እስከ ሰኔ ፈተና የቀሩትን ቅዳሜዎች ነበር። እነዚያ ቀናት በሕልም ውስጥ እንዳሉ ሆነው ነው የሚታዩኝ፤ የወይራው ጥላ፣ የብርቱካኑ ሽታ፣ ከገበያው የሚመጣው የአህያ ጩኸት፣ ሁለት ሽማግሌዎች የማይገናኝ ነገር በትሕትና ሲነጋገሩ፣ እኔ በመካከላቸው።

ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ በዋለው ረቡዕ ሚስተር ሻስትሪ ከሂሳብ ክፍለ ጊዜ በኋላ አስቀሩኝ። በሩን ከፈት አድርገው ትተው፣ በአማርኛ፣ «እናኑ፣ ወፍ የለም» አሉኝ።

ደነገጥሁ። ያን ያህል አማርኛ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

«አባት ወፍ አላለም። ቦርካር ወፍ አላለም። ወፍ የማን ነው?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ እንግሊዝኛቸው ተመለሱ። «በእኛ የክርክር ሕግ ሦስት ጊዜ ተነግሮት የተቃዋሚውን ቃል መድገም ያልቻለ ሰው ተሸንፏል። ቦርካር በዚህ ቅዳሜ ሽንፈቱን ሊናገር ነው። ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'አያቴን ደደብ ይሏቸው ነበር፤ ምናልባት እውነት ሳይሆን አይቀርም' አለኝ። እኔ ለቦርካር አልነግረውም። ወፉ ያንቺ ነው።»

ቅዳሜ ማለዳ ከከተማው ወጥቼ፣ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በሚወርድበት ስፍራ አባቴን ጠበቅኋቸው። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ ልቀበላቸው የመጣሁ መስሏቸው። የበቅሎዋን ልጓም ይዤ፣ ቃላቸውን እንዳዛባሁና ሚስተር ቦርካር ዛሬ ሽንፈታቸውን ሊናገሩ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«ሦስቱንም?» አሉ።

«ሦስቱንም አባቴ።»

«ወፉም?»

«ወፉም የኔ ነው።»

«ማሩስ?»

«ማሩም።»

ልጓሙን ከእጄ ወሰዱ። «ሰውየውን ደንቆሮ አደረግሽው» አሉ። «እኔ በበኩሌ እያዘንሁለት ቆሎ አሸክሜ እመጣለሁ። የሱን ልብ ሰብረሽ፣ የኔን ደግሞ በውሸት አራራሽው።» ከዚያ በኋላ በቅሎዋን እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ከፊቴ ነዷት። ወይራው ሥር ስንደርስ ብቻ፣ «ዛሬ ቃል በቃል። ብትጨምሪ አውቃለሁ» አሉኝ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሚስተር ቦርካር ቴትሮናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቆመው ነበር የጠበቁን። ሊናገሩ ሲሉ አባቴ እጃቸውን አነሡ። «ንገሪው። አልተሸነፈም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ቃሌን በትክክል ተናግሮ ነበር። ያዛባችው ልጄ ናት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ይህን መተርጎም ነበረብኝ። በሕይወቴ ከዚያ የረዘመ ዐረፍተ ነገር አልተረጎምሁም። ሚስተር ቦርካር ተመለከቱኝ፤ አስተያየታቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ እሱ ባሰኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞረው፣ «እንግዲህ ደደብ አይደለሁም ማለት ነው?» አሉ።

«ያ ገና አልተረጋገጠም» አሉ ሚስተር ሻስትሪ ብርቱካናቸውን እየላጡ።

ሚስተር ቦርካር የአባቴን ቃል እንደገና ተናገሩ፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስሁ። አባቴ አዳመጡ፤ ስለ መልእክቱና ቤቱን ስለለቀቀው ተቀባይ ሲሰሙ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንዲያ ነው ያልሁት» አሉ። «መልእክቱን ግን እኔ አላልሁም፤ እሱ የራሱ ነው። ያምራል። ይመልስ።»

«የዘሩት ገብስ መሬት ውስጥ በስብሶ ጠፍቷል» አሉ ሚስተር ቦርካር። «የሚያጭዱት ሌላ ገብስ ነው። ሆኖም ሌላ ሰው መጥቶ 'የዘራኸው ይህን አይደለም' ብሎ ቢያጭድብዎ ዳኛ ይሰማዋል? አንዱ ከሌላው ስለመጣ የእርስዎ ነው። የዋሸው ልጅና የሚናዘዘው ሽማግሌም እንደዚያ ናቸው። በመካከል ሳይለወጥ የተቀመጠ ባለቤት አያስፈልግም።»

«ገብሱን የዘራሁትና የማጭደው ግን እኔ ነኝ» አሉ አባቴ። «ከገብሱ ውጭ እኔ አለሁ። ምሳሌው ውስጥ እኔን ረሳኝ።»

ሚስተር ሻስትሪ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ያ ነው!»

ሚስተር ቦርካር ቀጠሉ። «እሺ፣ ሌላ ልበል። ቤት አለ እንላለን። ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ ድንጋዩን፣ ሣሩን አንድ በአንድ ያንሡት። ቤቱ የት አለ? ቤት የምንለው ለክምችቱ የሰጠነው ስም ነው። 'እኔ' የምንለውም እንዲሁ።»

አባቴ ከድንጋያቸው ተነሡ። በዱላቸው ወደ ቁልቁል፣ ጣሪያቸው ከመሬት እኩል ወደሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ጠቆሙ። «ምሰሶውን ከየት ሊያነሣው ነው? ማገሩንስ? እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተቀመጠም። አንድ ነው። ከጣሪያው እስከ መሠረቱ አንድ። ክፍሉን አንሥቶ ያሳየኝ።»

ተረጎምሁ። ሚስተር ቦርካር ወደዚያ ወደ ታች ተመለከቱ፤ በየቀኑ የሚያዩትን ስፍራ መጀመሪያ እንዳየ ሰው። «እኔ ባደግሁበት አገር» አሉ ቀስ ብለው፣ «የኔው ሃይማኖት ሰዎች ከተራራ የፈለፈሏቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ልጅ ሆኜ ውስጣቸው ተጫውቻለሁ። እስከ ዛሬ ግን ከዚህ ክርክር ጋር አላገናኘኋቸውም።» ከዚያ ጎንበስ አሉ። «መልስ የለኝም።»

አሁን በእነዚያ ጉድጓዶች ዳር ሳልፍ፣ ቤቱ የተሠራው በተቀመጠ ድንጋይ ሳይሆን በወጣ ድንጋይ ነው እላለሁ፤ ማንም ያላስቀመጠው ባዶ ቦታ እኮ ነው ግድግዳ ያደረገው። ሚስተር ቦርካር ይህን ቢሉ ኖሮ ምናልባት ክርክሩ እንደገና ይጀመር ነበር። ለመምህራችን ያቀረብሁትም ይህንኑ ነው፤ ትክክል ይሁን አይሁን ገና አልታረመልኝም። በዚያች ሰዓት ግን ወይራው ሥር የቆምሁት ልጅ ይህን አላሰብሁም። ያሰብሁት አክስቴ ቤት ያለውን የልብሴን ጓዝ ነው። ሚስተር ቦርካር ተረተዋል። ስምምነቱ ስምምነት ነው።

አባቴ የበቅሎዋን መጫኛ አጠበቁ። «አንቺ ልጅ፣ ነይ» አሉ። ሄድሁ።

«ሰውየው ተሳስቷል። መሳሳቱንም ሲጠየቅ አልሸሸም። ከሱ ጋር ብትውዪ ነፍስሽን አይሰርቅሽም። አንቺ ግን ቃል መሸከም አትችዪም፤ መንገድ ላይ ታፈስሺዋለሽ። እንዲህ ሆነሽ ቤት ብወስድሽ ለማን እሰጥሻለሁ? የሰው ቃል ሳይደፋብሽ ማድረስ እስክትችዪ ድረስ ከዚህ አትነሺም።»

«እስከ መቼ ነው አባቴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ጠይቂው።» ወደ ሚስተር ቦርካር ዞር ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ባዶውን አቁማዳ ተቀብለው፣ በበቅሎዋ ላይ ወጥተው፣ በገበያተኛው መካከል ወደ ገነተ ማርያም ወረዱ። ከዚያ በኋላ ለክርክር አልመጡም። ያ ቅዳሜ ግንቦት አምስት ቀን ነበር፤ እስከ ሰኔ ፈተና የቆጠርኋቸው ቅዳሜዎች ገና አላለቁም።